ለእንቅልፍ የተገጠመ ሞተር

ጅቡቲ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ሰባት ሰዓት ግድም ጫቱ ከገባ በኋላ ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ አረንጓዴና ነጭ ታክሲዎች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ፍየሎች ሳይቀሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ዓይናቸውን ይከድናሉ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከመስኮት ማቀዝቀዣዎች ጉርምርምታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። በዚያች ከተማ ከኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው እነዚያን ሰዓታት ነው። ከተማው በሙሉ ሲተኛ እኛ ቤት ማንም አይተኛም ነበርና።

እኛ ቤት የምለው ተቀጥሬ የምኖርበትን ቤት ነው። ከኮምቦልቻ ስመጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እዚያ ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ስፌት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ከባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ የተቀጠረች የሰፈሬ ልጅ «ነይ፣ ሥራ አይጠፋም» አለችኝ። ለእኔ የተገኘልኝ ግን ቪላ ሳይሆን ካርቲየ አንድ ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ሰማያዊ ቀለሙን የጨው አየር የላጠው፣ ሰፊ በረንዳና ግቢው መሀል አንድ የኒም ዛፍ ያለው። የሚኖሩበት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው።

ባልየው ዕድሜያቸውን በሙሉ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። «አንተ በይኝ፣ ድሬ ላይ ማንም ማንንም አንቱ አይልም» ቢሉኝም አፌ እምቢ አለኝ፤ አባባ ስላቸው ኖርኩ። ሚስትየው የጅቡቲ ሶማሌ ናት። እንደተጋቡ ጥቂት ዓመት ድሬዳዋ ስለኖረች አማርኛ ትችላለች፣ ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች ነው የምትናገረው። አንቱታ ደግሞ ጭራሽ አይገባትም። መጀመሪያ ሰሞን «ምሳ ይብሉ» ስላት ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ወደ በሩ ዞራ አየች። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። ስጠራት ሆዮ ነው የምላት፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው።

ሆዮ እንቅልፍ ካጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ምን እንደነካት የሚያውቅ የለም። ሐኪም አይቷታል፣ ሼኽ ቁርአን ቀርተውላታል፣ ክኒን ተሰጥቷታል። ክኒኑ ምላሷን ያስርባታል እንጂ አያስተኛትም። በረንዳው ላይ ባለው የገመድ አልጋ በጎኗ ተጋድማ፣ ዓይኗን ገልጣ ቀኑን ታሳልፋለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚናደድ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳች፣ እየራቀች ነው የሄደችው። አጠገቧ ተቀምጬ ሳነጋግራት እንኳ ድምፄ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሁሉ ቆይታ ነው የምትመልስልኝ። እኔና አባባም ከእሷ ጋር መንቃት ለምደን፣ ሦስታችንም በዚያ ሙቀት ውስጥ የምንንቀሳቀሰው ውሃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ነበር።

አንድ ጠዋት ከሐኪም ቤት በታክሲ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ከበድ ያለ ነገር ተሰማኝ። ሆዮ ናት። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ ትንፋሿ አንገቴን ይነካኛል። ተኝታለች። አባባ ከፊት ወንበር ዞረው አዩ። ሁለታችንም መተንፈስ ፈራን። ሹፌሩ ነገሩን አላወቀምና ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ ዘለለች። ሆዮ ባነነች። እጇን ተመለከተች፣ መስኮቱን ተመለከተች፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በኋላ ሁለት ጊዜ ታክሲ ተከራይተን ብናዞራትም አልሆነም። ትንንሾቹ መኪኖች ይንጧታል።

ከሁለተኛው ሙከራ በማግስቱ፣ ምሳ እንዳነሣሁ፣ አባባ ግቢ ወጥተው ከኒሙ ሥር ያለውን ሸራ መግፈፍ ጀመሩ። እዚያ ሥር መኪና መኖሩን አውቃለሁ፤ ልብስ ሳሰጣ እደገፈው ነበር። ገልጬ ግን አይቼው አላውቅም። ጥቁር አረንጓዴ፣ አፍንጫው ረጅም፣ የኋላ ወንበሩ እንደ ሶፋ ሰፊ፣ ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ መኪና ነው።

«ይኼ መኪና ሲነዳ ሆዮ ተራራው ላይ፣ አርታ ከተማ ድረስ ነቅታ ሄዳ አታውቅም» አሉኝ አቧራውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ከቤት ስንወጣ ታወራለች። ከከተማው ዳር ባልባላን ሳናልፍ ተኝታለች።»

«ሞተሩ ይሠራል?»

«ሞቷል። ዳገት ላይ ውሃ ጨርሶ ተሰነጠቀ። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የሠሩት ሰዎችም እስካሁን ሳይሞቱ አይቀሩም።» ጨርቁን አጠፉት። «ሌላ ሞተር እንሰጠዋለን።»

«ማን ይገጥመዋል?»

አባባ እጃቸውን አዩ። ቀኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ በግራቸው ይዘው ነው የሚያሳርፉት። ዓይናቸውም ቅርብ ያለውን አጥርቶ አያይም።

«ሥራውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «እጅ ደግሞ አንቺ አለሽ።»

ጋራዥ ጠይቀው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ያሏቸው አንድ ነው፤ ከፒክአፕ የወጣ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር እንክተትበት፣ ጠንካራ ነው፣ አያስቸግርም። አባባ አልሰሟቸውም። «ያ ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ነው» አሉኝ። ያስረዱኝ በጣታቸው ነው። አራት ጣት አውጥተው ጠረጴዛውን ተራ በተራ መቱ። በአንዱና በሌላው ምት መካከል ትንሽ ዝምታ አለች። «መኪናው የሚነቀነቀው በዚች ዝምታ ነው።» ከዚያ ከሌላኛው እጅ ሁለት ጣት ጨመሩ። «ስድስት ሲሆኑ አንዱ ገፍቶ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። ክፍተት የለም። ሆዮ የምትተኛው ክፍተት በሌለበት ነው።»

ሞተሩን ያገኘነው ባልባላ፣ አሮጌ መኪና እየፈታ በሚሸጥ ሰውዬ ግቢ ነው። ከተገለበጠ የጃፓን መኪና የወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ካምቢዮው ማለትም የማርሽ ሳጥኑ እንደተያያዘ። ሰውዬው አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጦ፣ ባትሪ አገናኝቶ፣ ቤንዚን በጠርሙስ አንጠልጥሎ አስነሣልን። አባባ ረጅም ካቻቪቴ አወጡ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ለእኔ ሰጡኝ። ጩኸት ይሆናል ብዬ ፊቴን አኮማተርኩ። የሰማሁት ግን በሩቅ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ወጥ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ነበር። ዝናብ ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ስለነበር እጀታውን ከጆሮዬ ማንሣት አልፈለግኩም። አባባ የሰውዬውን የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ተቀብለው ሞተሩ ላይ አስቀመጡት። የሻዩ ገጽ ትንሽ ተሸበሸበ እንጂ አልፈሰሰም።

«ይኼ ነው» አሉ።

የምንሠራው ከተማው በሚተኛበት ሰዓት ነበር። ጠዋት ቤት አጸዳለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ አበስላለሁ። ምሳ ሲነሣ የአባባን የድሮ ሰማያዊ ቱታ እለብሳለሁ። ካምሲን የሚሉት ሙቅ የበረሃ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ስለነበር በጥላው ሥር እንኳ ብረቱ በባዶ እጅ አይያዝም። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይነግሩኛል፣ ሆዮ ከበረንዳው ሆና ታየናለች። በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ፣ በዚያ ዝምታ፣ የምሠራውን በሕልሜ የምሠራ እየመሰለኝ አንዳንዴ ቁልፉን ጠበቅ አድርጌ እይዘው ነበር።

«ግራ። ትንሽ ግራ» ይላሉ አባባ። «አትታገይው፣ ይምጣልሽ።»

የዛገ ብሎን ሲያጋጥመኝ ባለ በሌለ ጉልበቴ እጎትታለሁ። እሳቸው ግን «ዘይት አጠጪውና ተዪው፣ ነገ ራሱ ይለቃል» ይሉኛል። በማግስቱ ይለቃል። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ሥራ ሲያሠራኝ «ተዪው» ብሎኝ አያውቅም።

አሮጌውን ሞተር ለማውጣት ሦስት ረጃጅም የብረት ቱቦዎችን አናታቸው ላይ አስረን አቆምን፤ መሀሉ ላይ ፓራንኮ ሰቀልን፣ ያ በሰንሰለት ከባድ ነገር የሚያነሣውን መሣሪያ። ሰንሰለቱን ስስብ ሞተሩ ከመኪናው ሆድ ቀስ ብሎ ወጣ። አየር ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ ጊዜ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ። ጥቁር ዘይት አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል። ሦስታችንም አየነው።

«እሷ ከበደች?» አለች ሆዮ ከበረንዳው። ሞተር ለእሷ ሴት ነበረች።

«በጣም» አልኳት።

ቆይታ «አሮጊት ናት» አለች። «አሮጊት ቀስ አድርገህ አስቀምጥ።»

ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳት።

አዲሱ በዚያው ሰንሰለት ሲወርድ ግን አልገባም አለ። ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን አለ፣ መካኒኮች ኮፓ ይሉታል። በጃፓኑ ሞተር ላይ ይህ ሳህን ጥልቅ የሚሆነው በፊት በኩል ነው። የእኛ መኪና ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ወፍራም የብረት አግዳሚ አለው። ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ሞተሩ ከቦታው አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። ተስፋ ቆርጬ አባባን አየኋቸው። እሳቸው ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም።

«ልብስ እቆርጥ ነበር አላልሽኝም?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቁረጪለት።»

የስፌት ሜትሬን፣ ጠመኔዬንና መቀሴን ከሻንጣዬ አወጣሁ። ጅቡቲ ከገባሁ ጀምሮ አልነካኋቸውም ነበር። ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለመንኩ። መኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ እለካለሁ፣ አባባ ምን ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልግ ይነግሩኛል፣ እኔ ካርቶኑ ላይ እስላለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አስጠግቼ እሞክራለሁ፣ እንደገና አጠብባለሁ። ልብስ ማለት ይኸው ነው፤ ሰውነቱ ብቻ ብረት ሆነ። ካርቲየ አራት ያለው በያጅ ኮፓውን በካርቶኑ ልክ ቆርጦ በየደው። የመናዊ ነው፤ ካርቶኖቼን ግራና ቀኝ እያገላበጠ በአረብኛ «ይኼ የማን ቀሚስ ነው?» አለኝ።

ቀጥሎ ሞተሩን ግራና ቀኝ የሚሸከሙት ሁለት የብረት እግሮች ነበሩ። የድሮዎቹ ለአዲሱ ሞተር አይሆኑም። ከታች ከመኪናው አጥንት እስከ ሞተሩ ጎን ያለውን ርቀት ለካሁ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ካርቶን ቆረጥኩ። አባባ ንድፉን ተቀብለው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችሉ አመኑኝ፤ በያጁም እግሮቹን በካርቶኑ ልክ ሠራቸው።

የአዲሱ ካምቢዮ ከቀድሞው ስለሚረዝም፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ ማጠር ነበረበት። ፔካ ዱዝ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ፣ እንዲህ ያለውን የሚሠራ ሰው አለ አሉኝና ተሸክሜው ሄድኩ። አንድ የአገሬ ሹፌር በመኪናው ጥላ ተጋድሞ ነበር፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ይኼ ማማሰያ ለስንት ሰው ወጥ ነው?»

«ለሁለት ሽማግሌ» አልኩት።

ሳቀና ተነሥቶ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ።

ሀራሙስ የምትሠራዋ ጓደኛዬ አርብ ስንገናኝ እጄን ገልብጣ አየች። «ጥፍርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ሞተር እየገጠምኩ ነው ስላት ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «በሙቀቱ ለይቶልሻል» አለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሰሞን ሩዝ ስለቅም፣ ልብስ ስተኩስ፣ የሽቦዎቹ ቀለም ዓይኔ ላይ ይሄድ ነበር። አባባ ቀለም አይለዩምና ሽቦዎቹን ሁሉ እንደ ክር በየቀለማቸው ለይቼ ያገናኘሁት እኔ ነበርኩ።

ሞተሩ የተነሣው ነፋሱ ጋብ ባለበት አንድ ቀን ከሰዓት ነው። ቁልፉን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ሳል አለና ዝም አለ።

«ቤንዚን ይሸታል?» አሉ አባባ።

«አይሸትም።»

«እንግዲያው አልደረሰውም። ሳይጠጣ አይናገርም።»

የቤንዚኑ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ነበር። አቀናሁትና እንደገና ጠመዘዝኩ። ድምፁ መጣ፤ ያ የሩቅ ዝናብ፣ አሁን የራሳችን ግቢ ውስጥ። የኒሙ ቅጠል አልተነቃነቀም። ጎረቤት አንድም ሰው ከእንቅልፉ አልነቃም። አባባን ያስደሰታቸው ይኼ ነበር፤ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ አዘንብለው ቆዩና «ማንም አልሰማንም» አሉ በሹክሹክታ።

በዚያው ሳምንት ሆዮን አልብሰን ከኋላ አስቀመጥናት፣ እኔ ከጎኗ ሆንኩ፣ አባባ መሪውን ያዙ። ከተማ ውስጥ ደህና ነበር። ባሕሩ ዳር ያለው መንገድ ሲከፈትልን አባባ ፍጥነት ጨመሩ። ያን ጊዜ ከእግሬ ሥር የሆነ መንዘፍዘፍ ተነሣ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ። አባባ ሲቀንሱ ይጠፋል፣ ሲጨምሩ ይመለሳል። የሆዮን ፊት አየሁ። ዓይኗ እንደተገለጠ ነው።

«እሷ ብርድ አላት» አለች። «ትንቀጠቀጣለች።»

ተመለስን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው መኪናው ሥር እየገቡ ዳሰሱ፣ አዳመጡ፣ ወጡ። ምንም አላገኙም። በሦስተኛው ቀን ምሳቸውን ሳይነኩ ተነሡና ሸራውን አንሥተው መኪናውን አለበሱት።

«ድሮ ቢሆን መንገድ ዳር ቆሜ በድምፁ ብቻ በሽታውን እነግርሽ ነበር» አሉኝ። «ያ ሰው አልቋል።» እጃቸውን በሌላኛው እጃቸው ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ካርቶኖቹን መደርደሪያ ላይ አስቀምጫቸው ነበርና አወረድኳቸው፣ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ሜትሬን ዘረጋሁ። ደብተሩ ላይ የእግሮቹ ቁመት አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ይላል። ካርቶኑ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ሌላኛውን ለካሁ። አሥራ ሁለት ተኩል። አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ጨርቅ ስቆርጥ ለስፌቱ የምተወው ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ በልማዱ ራሱ ጨምሮታል።

አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ አንድ ሰው እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም ነበር፤ ያንን ማጣት አልፈለግኩም። በማግስቱ ግን አባባ እንደገና ምሳቸውን ሲተዉ ሳህኑን ማንሣት አቃተኝ። ካርቶኖቹን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኳቸው።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የምን ጥፋት?»

«ጨርቅ ስቆርጥ ለስፌቱ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ። ብረቱም ላይ ተውኩ።»

ጣታቸው የካርቶኑን ጠርዝ ዳሰሰ።

«ለስፌቱ» አሉ።

«አዎ።»

«ብረት አይሰፋም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። እያሳላቸው፣ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ለሆዮ በሶማልኛ ነገሯት፤ እሷም ዘግይታ፣ ነገሩ ከሩቅ ሲደርሳት፣ አፏን በሻሿ ከልላ ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አባባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ እኮ ያረጀሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«አርጅተዋል እኮ» አልኳቸው፣ ከአፌ አምልጦኝ።

«አርጅቻለሁ። ግን አልተሳሳትኩም።» ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና መብላት ጀመሩ። እየበሉ አስረዱኝ። ሞተሩ በፊት በኩል ከፍ በማለቱ ጭራው ዝቅ ብሏል፤ ረጅሙ ዘንግ አንገቱ ተጣሞ ነው የሚዞረው፤ ቀስ ሲል ይችለዋል፣ ሲፈጥን ይንዘፈዘፋል። የመናዊው በያጅ በሁለት ቀን አሳጠረልኝ። ሲመልስልኝ «ቀሚሱ ረዘመባት?» አለኝ። አዎ አልኩት።

በሁለተኛው ጉዟችን ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ውሃው ሩቅ ድረስ ሄዶ፣ እርጥቡ ጭቃ ሰማዩን ይዞ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ሮዝ ወፎች እላዩ ላይ ቆመው ነበር። አባባ ፍጥነት ጨመሩ። ከእግሬ ሥር ምንም አልመጣም፤ ያ ወጥ ድምፅ ብቻ፣ እየጨመረ የሚሄድ ሳይሆን እየራቀ የሚሄድ የሚመስል። የሀራሙስን ቪላዎች አለፍን። ሆዮ ስለ አንድ ዘመዷ ሠርግ እየነገረችኝ ነበር። «ሙሽራዋ መጣ፣ ልብሱ ነጭ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ቆመች። የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

አባባ በመስታወቱ አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። መንገዱ አልቆ እስኪዞሩ፣ እስከ ከተማው ተመልሰው እንደገና እስኪዞሩ ድረስ ነዱ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። እኔ እጄ ደንዝዞ መርፌ ቢወጋኝ አይሰማኝም ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ሆዮ ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዙሪያዋን አየችና በሶማልኛ አንድ ነገር አለች። አባባ ተረጎሙልኝ፦ «ርቦኛል አለች።»

የአባባ እጅ ግን በየቀኑ የሚነዳ እጅ አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሪው ላይ መንቀጥቀጡ ስለባሰባቸው መኪናውን ዳር አቆሙ፣ ወርደው የእኔን በር ከፈቱ። «አሁን አንቺ» አሉኝ። መጀመሪያ የተማርኩት ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሆዮን ቤት ትተን ነው። የፍሬን አረጋገጤ እንዳያስነቃት አንድ ሙሉ ወር ፍሬን ብቻ አስተማሩኝ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ፈታኙ «ሴትዮ፣ ከዚህ ፈጠን ማለት ትችያለሽ» አለኝ በፈረንሳይኛ። አልቻልኩም። ሌላ አነዳድ አላውቅም ነበር።

ሆዮ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ከሰዓት ከሰዓት መኪና ውስጥ ትተኛለች፣ ሲቆይ ደግሞ ቤት ውስጥም አልጋዋ ላይ ጥቂት ጥቂት መተኛት ጀመረች። የሞተችው በገዛ አልጋዋ፣ ንጋት ላይ ነው። አባባ መኪናውን ሸጠው ባሕር ማዶ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እኔም ያቺን መንጃ ፈቃድ ይዤ አንድ የእህል መጋዘን በሹፌርነት ተቀጠርኩ። ዛሬም የምኖረው በመንዳት ነው።

ከእነዚያ አራት ዓመታት የማልረሳው አንድ ቀን አለ። ሙቀቱ ያለፈበት፣ አየሩ ለስላሳ የሆነበት ወር ነው። እኔ እነዳለሁ፣ ሁለቱም ከኋላ ናቸው። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ፖሊስ እጁን አነሣ። ቀስ ብዬ ቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ፖሊሱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ኋላ አየ። እኔም በመስታወቱ አየሁ። ሆዮ አባባ ላይ ተደግፋለች፤ አባባም ራሳቸው ራሷ ላይ ወድቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም ተኝተው ነበር። የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ጭኗ ላይ ነው፣ ጸጥ ብሏል።

ፖሊሱ ድምፁን ቀነሰ። «ወላጆችሽ ናቸው?» አለኝ በሶማልኛ።

መልኬንና አለባበሴን እያየ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ምን እንደምለው አላሰብኩም ነበር።

«አዎ» አልኩት።

መንገዱን በእጁ አሳየኝ። ወደ ቤታችን ተመልሼ በሩ ጋ ስደርስ ሁለቱም አልነቁም ነበር። አላቆምኩም። ኒሙን ከአጥሩ በላይ አይቼው አለፍኩና ወደ ባሕሩ ዞርኩ።